ሐይቅ ላይ ያገኘናቸው መካኒክ

ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጣርማ በርን ወርደን፣ ሸዋ ሮቢትንና ኮምቦልቻን አልፈን ደሴ ስንደርስ ጨልሞ ነበር። ስለ መንገዱ ብዙ ሰው ስለጻፈ እኔ እዘለዋለሁ። መጻፍ የምፈልገው በማግስቱ ሐይቅ ላይ ስላገኘናቸው መካኒክ ነው። እንዲህ ያለ ባለሙያ ሳይነገርለት ሲቀር ያናድደኛል።

የሄድኩት ከእናቴ ጋር ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስን ለመሳለም የቆየ ስለት ነበረባት። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ጠዋት በሚኒባስ ሄድን። ገዳሙ ወደ ውሃው ዘልቆ በገባ የመሬት ምላስ ላይ ነው ያለው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ቦታ ነው። ሴት አይገባበትም። እናቴ ከደጁ ሆና ተሳለመች፤ እኔ ገብቼ ወጣሁ። ስወጣ ግን አንድ ነገር ቅር እንዳላት ገባኝ።

«ከውሃው ላይ ሆኜ ዙሪያውን ባየው ደስ ይለኝ ነበር» አለች።

ዳር ላይ ትንሽ የሞተር ጀልባ ያለው ወጣት አገኘን። በዋጋ ተስማማን። እናቴን እጇን ይዞ አስገባት፤ መንሳፈፊያ ጃኬቱን ራሱ አሰረላት። ውሃው ጸጥ ያለ ነበር። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ገዳሙ እያየች ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ ሞተሩ አንድ ጊዜ ተንገጫገጨና ድምፁ ተለወጠ። ልጁ ነዳጅ ሲሰጠው ይጮኻል፤ ጀልባዋ ግን ንቅንቅ የለም። ጎንበስ ብሎ ሲያይ የዓሣ መረብ ከኋላ ፕሮፔለሩ ላይ ተጠምጥሟል። ነፋስም ተነሳ። ልጁ በገመድ የታሰረ ድንጋይ ጣለ፤ ግን የት ይድረስ? የሐይቅ ጥልቀት መሃሉ ላይ 80 ሜትር ያልፋል። በአንድ መቅዘፊያ ትንሽ ታገለና ስልኩን አወጣ።

«አያ፣ ቆመብኝ። እናት አሉ ጀልባው ላይ» ሲል ሰማሁት። ሌላ ምንም አላለም።

ብዙም ሳይቆይ ሁለት ዓሣ አጥማጆች የሚቀዝፉት የእንጨት ጀልባ ወደኛ መጣ። መሃሉ ላይ ስድሳን ያለፉ የሚመስሉ፣ ቱታ የለበሱ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። የመፍቻ ቦርሳቸው ጭናቸው ላይ ነው። አጠገባችን ሲደርሱ ቀድመው ያናገሩት እናቴን ነበር።

«እታለም፣ አብሽሪ። የታመመው ሞተሩ ነው እንጂ ጀልባው ደህና ነው። አይሰምጥም።»

እናቴ እስከዚያ ድረስ እጄን ጨብጣ ይዛ ነበር። ያኔ ለቀቀችኝ።

በገመድ ጎትተው ወደ ዳር አወጡን። ሞተሩን ነቅለው ድንጋይ ላይ አጋደሙት። ልጁ መረቡን ሊቆርጥ ቢላዋ ሲያወጣ ሽማግሌው እጁን ያዙት። «ተው! የሰው እንጀራ ነው፤ አይቆረጥም» አሉ። ከዚያ ቁጭ ብለው በጣታቸው ይፈቱት ጀመር። አንዱን ክር ከአንዱ እየለዩ፣ ፕሮፔለሩን ወደ ኋላ እያዞሩ፣ ሲጠብቅባቸው ውሃ እያርከፈከፉ። መረቡን የጣለው ሰው እዚያ አልነበረም። ማን እንደሆነም እርግጠኛ አልነበሩም። ፈትተው ሲጨርሱ አጣጥፈው ለዓሣ አጥማጆቹ ሰጡና ባለቤቱን ፈልገው እንዲያደርሱለት አደራ አሉ። በሕይወቴ ብዙ ጋራዥ ገብቻለሁ። ለማያውቁት ሰው ንብረት እንዲህ የሚጠነቀቅ እጅ ግን አላየሁም።

የተሰበረችው ፕሮፔለሩን ከዘንጉ ጋር የምታያይዝ ትንሽ ፒን ነበረች። ልጁ ወዲያው ከኪሱ ምስማር አወጣ። «ለጊዜው ይቺን ቆርጠን እናስገባ፣ እንግዶቹ እንዳይጉላሉ» አለ። እኔም በልቤ ተስማምቼ ነበር። ሽማግሌው ግን ምስማሩን ተቀብለው ወደ ቦርሳቸው ከተቱት።

«ምስማር አይሰበርም። ችግሩም እሱ ነው» አሉኝ ወደኔ ዞረው። «ይቺ ፒን የተሠራችው እንድትሰበር ነው። ፕሮፔለሩ ድንጋይ ወይ መረብ ሲይዘው እሷ ትቆረጥና ውስጥ ያለው ማርሽ ይተርፋል። ጠንካራ ብረት ካስገባህ ፒኗ ትተርፍና ማርሹ ይረግፋል። ማርሽ ከየት ይመጣል? ናስ ነው የሚያስፈልገን።»

ናስ ያለው ሱቃቸው ውስጥ ነው። ፀሐዩ ከሮ ነበርና እናቴን ዳር ላይ ሊተዋት አልፈለጉም። ባጃጅ ጠርተው ሁላችንንም ሐይቅ ከተማ ቤታቸው ወሰዱን። ሱቁ ከቤታቸው ጋር የተያያዘ ነው። በሩ ላይ የውሃ ፓምፕ፣ ሁለት ሞተር ሳይክል፣ አንድ ጄኔሬተር ተደርድሯል። የጀልባ ሞተር በዓመት ጥቂት ጊዜ ነው የሚመጣላቸው። እንጀራቸው የመስኖ ፓምፕ ነው።

ባለቤታቸው እናቴን እንደ ዘመድ ተቀበሏት። ቀኑ ረቡዕ ነበር። ገና ሳንቀመጥ «ጾም ላይ ናችሁ አይደል?» ብለው ጠየቁና ለልጃቸው ወተቱን መልሺው አሏት። ቤቱ የሙስሊም ቤት ነው፤ የእናቴን ጾም ግን እኛ ሳንናገር አሰቡላት። ቆሎ ቀረበ፣ ዕጣን ተጨሰ፣ ቡናው ተቆላ። እናቴ ከአቦል እስከ በረካ ቁጭ ብላ ጠጣች። ስለ ልጅ፣ ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ በርበሬ ዋጋ ሲያወሩ ፍርሃቷ የት እንደገባ አላውቅም።

እኔ ሱቁ ውስጥ ነበርኩ። ሽማግሌው ከቁርጥራጭ ሳጥናቸው ውስጥ የአሮጌ ቧንቧ መዝጊያ የናስ ዘንግ አወጡ። ቆረጡት፣ ከዚያ በሞረድ ይሞርዱት ጀመር። ትንሽ ሞርደው ይለካሉ፣ እንደገና ይሞርዳሉ። «ከቀጠነ ይላላል፣ ከወፈረ አይወጣም» ይላሉ። ለማጅ ልጃቸው አጠገባቸው ቆሞ ያያል፤ ሁለተኛዋን ፒን እሱ እንዲሞርዳት ሰጡት። ሦስት ሠሩ። አንዷ ለሞተሩ ነች። ሁለቱን በላስቲክ ጠቅልለው ለባለ ጀልባው ሰጡትና ውሃ ላይ ቢሰበርበት እንዴት እንደሚቀይር እያሠሩት አሳዩት።

ሥራው እዚህ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር። እኛም የጠየቅነው ይህንኑ ነው። እሳቸው ግን የካምቢዮውን ዘይት ማየት አለብኝ አሉ። ቡሎኑን ሲፈቱ የወጣው ዘይት ማኪያቶ ይመስላል። ያ ማለት ውሃ ገብቷል ማለት ነው። ከዚህ በፊት የተጠመጠመ ክር ከፕሮፔለሩ ጀርባ ገብቶ ኦይል ሲሉን፣ ዘይቱ እንዳይወጣና ውሃ እንዳይገባ የሚያሽገውን የጎማ ቀለበት፣ በልቶታል። ክሩን በፒንሳ መዘው አወጡና አሳዩን። ቀጭን ናይለን ነው፤ ብትፈልገውም አይታይም። ዘይቱን ቀይረው፣ «ዛሬ ቀስ ብለህ ትመለሳለህ። ኦይል ሲሉ እስኪቀየር ግን ሰው አትጭንም» አሉት ልጁን። ፊቱ ሲጠቁር አይተው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። «አብሽር፣ እኔ እሠራልሃለሁ። ስታገኝ ትከፍላለህ።»

ነዳጁን በእሳት ብልጭታ የሚለኩሰውን ካንዴላውንም አወጡ። ጥቁር ጥላሸት ሆኗል። ይህን ያስረዱበትን መንገድ አልረሳውም። ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ከአየሩ ይልቅ ነዳጁ ይበዛበታል፤ ጉልበቱም ይቀንሳል። በዚያ ላይ ልጁ ቤንዚኑ ውስጥ የሚቀላቅለውን ዘይት በዓይኑ ገምቶ ነበር የሚጨምረው። ለዚህ ሞተር ለ50 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት ነው ልኩ። ሽማግሌው ባዶ ሃይላንድ አነሱ፣ 200 ሚሊ ሊትር ላይ በምስማር መስመር ጫሩበት። «ለ10 ሊትር ጀሪካን እስከዚህች ድረስ። ከዚህ በላይ ጭስ ነው፣ ከዚህ በታች ሞት ነው» አሉት። የጫሩበት ምስማር ቅድም የነጠቁት ነበር።

ሂሳብ ስጠይቅ ልጁም እኔም ገንዘብ አውጥተን ነበር። የተቀበሉት የዘይቱን ብቻ ነው፤ እሱንም ከልጁ። እኔን «አንተ እንግዳ ነህ» አሉኝ። እናቴ ተነስታ መረቀቻቸው። እጃቸውን ዘርግተው እስከ መጨረሻው «አሚን» እያሉ ተቀበሉ።

ማታ ደሴ ሆነን ስልኬ ጮኸ። እሳቸው ናቸው። የደወሉት እናቴ ድንጋጤው ለቋት እንደሆነ ለመጠየቅ ነበር። እኔም ኦይል ሲሉን ጠየቅኳቸው። ደሴ ሱቆች ደውለው እንዳጡት ነገሩኝ። አዲስ አበባ ስመለስ እንደምፈልገው ቃል ገባሁ። ሦስት ቁጥር አጻፉኝ፤ የውስጡን ስፋት፣ የውጩን ስፋት፣ ውፍረቱን። «ስሙን አትጥራ፣ ቁጥሩን ብቻ ስጣቸው» አሉኝ።

ሶማሌ ተራ ገብቼ ከሱቅ ሱቅ ዞርኩ። በቁጥሩ ተገኘ። ሁለት ገዝቼ ደሴ በሚሄድ አውቶቡስ ላክሁላቸው። ገንዘብ እንዳይልኩ ደጋግሜ ለመንኳቸው። ዕቃው በደረሳቸው ቀን ዋጋው በቴሌብር ገባልኝ፤ ለአውቶቡሱ የከፈልኩትም ጭምር። ደወልኩና ለምን እንዲህ እንዳደረጉ ጠየቅኳቸው።

«አንዱን ለልጁ ገጥሜዋለሁ፣ ዛሬ ሰው ጭኗል» አሉኝ። «ሁለተኛው ለሚቀጥለው ሰው ነው። ያንተ ገንዘብ ከሆነ እንዴት አድርጌ ለሰው በነጻ እሰጠዋለሁ?»