ደቀል የሌላት ታንኳ

ሠርጉ ቅዳሜ ነበር፤ እኔ ጎንደር የገባሁት ረቡዕ። የባለቤቴ ቤተሰቦች ጠላ ሲጠምቁ፣ በሬ ሲያማርጡ፣ ወንበር ሲዋሱ እኔ የማግዘው ነገር አጣሁ። አማች ሥራ ከነካ ነውር ነው ተብዬ ጥላ ሥር ተቀመጥሁ። ከዚያ ሆኜ ድንኳን ሲተከል አየሁ።

አናጢ ነኝ፤ ዓይኔ ወደ ምሰሶ ይሄዳል። የድንኳን ምሰሶ ብቻውን ቢቆም ሕፃን ገፍቶ ይጥለዋል። ገመዶቹ ዙሪያውን በካስማ ሲወጠሩ ግን ምሰሶው መሬቱን ወደ ታች ይጫናል፤ ገመዱ ካስማውን ወደ ላይ ይስባል፤ ሁለቱ ሲታገሉ ሸራው ቀጥ ይላል። የመርከብ ምሰሶም እንዲሁ ነው። መጽሐፍ ቅዱሳችን ደቀል ይለዋል። ነቢዩ ሕዝቅኤል ጢሮስን በመርከብ መስሎ ሲያለቅስላት፣ የእንጨት ነጋዴ ዝርዝር የሚመስል ነገር ይቆጥራል፤ ሳንቃው ጥድ፣ ደቀሉ የሊባኖስ ዝግባ፣ ሸራው የግብፅ በፍታ። ያንን ምዕራፍ ባነበብሁ ቁጥር የሠራተኛ እጅ ይሸተኛል።

በድንኳንና በመርከብ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ነው። ድንኳኑ መሬት አለው። መርከቡ ግን መሬቱን ይዞት መሄድ አለበት። ገመዶቹ ሁለቱን ጎኖች ወደ ላይ ሲስቡ፣ ደቀሉ ደግሞ ሆዱን ወደ ታች ይወጋዋል። ስለዚህ ጠንካራ አካል የሌለው መርከብ በነፋስ ቀን መገጣጠሚያው ይከፈታል። ከታች በርዝመቱ የሚጋደመው ወፍራም ግንድ፣ እኔ አከርካሪ የምለው፣ አንዱ ሥራው የደቀሉን እግር መሸከም ነው።

ሐሙስ ዕለት ለደንቡ ያህል ፋሲል ግንብን ዞርሁ። ስለ ግንቡ ብዙ ተጽፏልና አልጨምርበትም። አንድ ነገር ብቻ ትዝ ብሎኝ ብቻዬን ፈገግ አልሁ። አፄ ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሩት በእኛ አቆጣጠር 1628 ዓ.ም. ገደማ ነው። በፈረንጆቹ 1628 ደግሞ ስዊድኖች ቫሳ የተባለችውን የጦር መርከባቸውን ስቶክሆልም ወደብ ላይ አንቀሳቀሱ። ከታች እስከ ዋናው ደቀል ጫፍ 52 ሜትር ገደማ፣ 64 መድፍ የጫነች፣ በቅርጻ ቅርጽ ያጌጠች ነበረች። 1,300 ሜትር ያህል እንደሄደች ነፋስ ገፋ አደረጋት፣ ዘመመች፣ በተከፈቱት የመድፍ መስኮቶች ውኃ ገባና ሰመጠች። ላይዋ ከብዶ ሆዷ ጠቦ ነበር። በ1961 እ.ኤ.አ. አወጧት፤ ዛሬ ሙዚየም ውስጥ ናት። የእኛ 1628 ድንጋዩ እንደቆመ አለ። ይኼን ለአስጎብኚው ብነግረው ደስ ይለው ነበር፤ ግን የቸኮለ መሰለኝ፤ ተውሁት።

ዓርብ ማለዳ ወደ ጎርጎራ ሄድሁ። ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ቢበልጥ ትንሽ ነው። አዘዞን ስናልፍ ደምቢያ ይጀምራል፤ ሜዳው ተዘርግቶ መረሬው አፈር ተሰነጣጥቆ። ቆላ ድባ ላይ ሾፌሩ ሻይ ጠጣ፣ ጭዋሂት ላይ አንዲት እናት ሁለት ዶሮ ይዘው ተሳፈሩ። ከዚያ በኋላ ጣና ድንገት ብቅ አለ።

ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል፤ ጥልቀቱ ግን ከፍተኛው ቦታ ላይ 14 ሜትር ገደማ ነው። ሰፊ ሰፌድ በሉት። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ውኃው ይቆጣል። ጥያቄዬን ያዝሁት እዚያው ዳር ላይ ነው። ይህን ያህል ውኃ፣ ይህን ያህል ነፋስ፤ ያየኋቸው ታንኳዎች ሁሉ ግን በሰው ክንድ ነው የሚሄዱት። ሸራ የታለ?

ከደንገል ክምር አጠገብ አንድ ሽማግሌ ታንኳ እየሠሩ አገኘሁ። ሰላምታ ሰጥቼ ተቀመጥሁ። ደንገሉ ከሥሩ ወፍራም፣ ከጫፉ ቀጭን ነው፤ ሦስት ማዕዘን ያለው ዘንግ፣ ላዩ አረንጓዴና ለስላሳ፣ ውስጡ ነጭ ስፖንጅ። እሳቸው ደርቆ ቢጫ የሆነውን እየመረጡ፣ ሥሩን ከጫፍ እያፈራረቁ ይደረድራሉ፤ እስር ሲሞላ በልጥ ይጠመጥሙታል። ለማጥበቅ እግራቸውን እስሩ ላይ አሳርፈው ልጡን በሁለት እጅ ወደ ደረታቸው ይስባሉ። እያንዳንዱ ዙር ሲጠብቅ ደንገሉ "ቅጭጭ" ይላል። አፍንጫው ላይ ሲደርሱ እስሮቹን አጥብበው ወደ ላይ ቆለመሙና በገመድ ወደ ኋላ ወጥረው አሰሩት። ሥራው ያለ ሚስማር፣ ያለ መጋዝ፣ ያለ ሜትር ነው። በሙያዬ ትንሽ አፈርሁ።

"አባቴ፣ ለምን ደቀል ተክለው ሸራ አያደርጉበትም?" አልኋቸው።

ቀና ብለው አዩኝና ከአጠገባቸው የቀርከሃ ዘንግ አነሡ። ሠርተው የጨረሱት እስር ላይ አቁመው በመዳፋቸው ተጫኑት። ዘንጉ በደንገሉ መካከል እንደ ቢላ በቂጣ ገባ። ነቅለው ሲያወጡት ቀዳዳው ቀስ ብሎ ተከደነ።

"የት ላይ ልትተክለው ነው?" አሉኝ።

መልሱ ይኸው ነበር። ታንኳ አከርካሪ የላትም። የምትንሳፈፈው ደንገሉ ራሱ አየር ስለያዘ ነው እንጂ እንደ እንጨት ጀልባ ውኃ የሚከለክል ግድግዳ ስላላት አይደለም። ውኃ ቢገባባት በሥሯ ይወጣል፤ ቀዛፊው ከታች በተነጠፈው ደንገል ላይ ስለሚቀመጥ ግድ የለውም። ቀጭን ምሰሶ ግን አንድ ነጥብ ላይ ቆሞ ይወጋታል።

የጥንት ግብፃውያን ይህን ያውቁት ነበር። በድሮዎቹ ነገሥታት ዘመን ቅርጻ ቅርጾች ላይ የሚታየው ደቀል ሁለት እግር አለው፤ እንደ መሰላል ከታች ተራርቆ ከላይ የተገጠመ። አንዱ እግር በቀኝ ጎን፣ ሌላው በግራ ያርፋል፤ ሸክሙም መሐል አይወድቅም። በእንጨት መሥራት ከጀመሩም በኋላ የደንገሉ መልክ አልለቀቃቸውም። በ1954 እ.ኤ.አ. ከጊዛው ታላቅ ፒራሚድ ሥር የተገኘው የንጉሥ ኩፉ መርከብ ርዝመቱ 43 ሜትር ነው፤ ሳንቃው የሊባኖስ ዝግባ ሆኖ በገመድ የተሰፋ፣ አከርካሪ የሌለው፣ ፊትና ኋላው እንደ ደንገል ታንኳ ወደ ላይ የተቀሰረ። እኚህ ሽማግሌ ቢያዩት ዘመዳቸው ነው።

ይህን ሳስብ የአሳሹን የቶር ሄየርዳልን ነገር አነሣሁላቸው። ኖርዌያዊው በ1969 እ.ኤ.አ. ከዚሁ ከጣና ደንገል አስወስዶ፣ ከቻድ ሐይቅ ሠሪዎች አስመጥቶ፣ በጊዛ ፒራሚዶች አቅራቢያ "ራ" የተባለች መርከብ አሠራ። ባለ ሁለት እግር ደቀል ቆመላትና ከሞሮኮ ወደ ምዕራብ ቀዘፈች፤ ማለቴ በሸራ ሄደች። አትላንቲክን ሊጨርሱ ጥቂት ሲቀራቸው የኋላዋ ጠልቆ ጥለዋት ወጡ። በግብፃውያኑ ሥዕል ላይ ከተቆለመመው የኋላ ጫፍ ወደ መርከቡ ወለል የሚወርድ ገመድ ነበር። ቅርጹን ለመያዝ ብቻ ነው ብለው አስቀርተውት ኖሯል።

ሽማግሌው እጃቸው ቆመ። "ገመዱን ፈቱት?" አሉ። "ታዲያ ጭራዋን ምን ሊያቆማት ነው?"

በማግስቱ ዓመት ሁለተኛዋ ራ ያንን ስሕተት አርማ በ57 ቀን ባርባዶስ ገባች አልኋቸው። እሳቸው ግን ስለ መጀመሪያዋ ማሰብ አላቆሙም፤ ጥቂት ቆይተው "የጣና ደንገል ነው የተበላሸው" ብለው አዝነው ነገሩን ዘጉት።

ከሰዓት በኋላ የልጅ ልጃቸው በአሮጌው ታንኳ ሊያንሸራሽረኝ ፈቀደ። እኔም ነገር አልተውም። ከዳር ራቅ እንዳልን ነፋሱ ከጀርባችን መጣ፤ ጋቢዬን በሁለት እጄ ዘርግቼ ቆምሁ። ሁለት እግር ያለው ደቀል ማለት እኔ ነበርሁ። ለአንድ አፍታ ታንኳዋ እውነትም ሄደች። ቀጥሎ ግን በጎኗ መንሸራተት ጀመረች፤ ሆዷ ጠፍጣፋ ስለሆነ ውኃውን የምትይዝበት ነገር የላትም። አፍንጫዋ ዞረ፣ ጋቢው ፊቴን ሸፈነኝ፣ ልጁ "ጋሼ ይቀመጡ! ጋሼ ይቀመጡ!" ይላል። ተቀመጥሁ ከምል ወደቅሁ ብል ይቀላል። ታንኳዋ አልተገለበጠችም። የጋቢዬ ግማሽ ግን ጣና ውስጥ ነበር።

ጎንደር ስገባ መሽቷል። ድንኳኑ ውስጥ መብራት በርቶ ሴቶቹ ሽንኩርት ይከትፋሉ። አማቴ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። ለነገሩ ጠዋት ቆሮሶ ይዤ እመጣለሁ ብዬ ነበር።

"ዓሣ ያመጡልናል ስንል ጋቢ አርጥበው መጡ?" አሉኝ፤ ወዲያውም ጋቢውን ከትከሻዬ ገፈው ከድንኳኑ ገመድ ላይ አሰጡት።