ዐረብኛ በኮምፒውተር፦ ከመጫኑ ይልቅ ቁልፎቹ ናቸው የሚያስቸግሩት

ዊንዶውስ 11 ላይ ዐረብኛ ለመጻፍ የተለየ ሶፍትዌር መፈለግ አያስፈልግም። ሴቲንግስ ውስጥ ታይም ኤንድ ላንጉዌጅ፣ ቀጥሎ ላንጉዌጅ ኤንድ ሪጅን ግቡና አድ ኤ ላንጉዌጅ የሚለውን ተጫኑ። ዐረቢክ ብላችሁ ስትፈልጉ የአገሮች ዝርዝር ይመጣል፤ ሳዑዲ ወይም ግብፅን ምረጡ። ሞሮኮን፣ አልጄሪያን ወይም ቱኒዚያን ከመረጣችሁ የሚመጣላችሁ የፈረንሳይኛን ኪቦርድ የተከተለው 102 የተባለው የቁልፍ አቀማመጥ ነው። እዚህ የምናወራው ግን ዐረቢክ 101 ስለሚባለው አቀማመጥ ነው። ኢንስቶል ከማለታችሁ በፊት ዐረብኛን የዊንዶውስ ማሳያ ቋንቋ የሚያደርገው ሳጥን ላይ ምልክት ካለ አንሱት፤ አለዚያ ሜኑው ሁሉ ዐረብኛ ሆኖ ይጠብቃችኋል።

ቋንቋ መቀያየሪያው የዊንዶውስ ቁልፍና ስፔስ ነው። ከታች በስተቀኝ ዐይን የምትባለው የዐረብኛ ፊደል (ع) ከታየች ዐረብኛ ላይ ናችሁ። ትክክለኛ ፓስወርድ አልቀበል ሲል መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ነው።

አማርኛን በድምፅ መጻፍ የለመደ እጅ እዚህ ይደናገራል። ኤስ ላይ ሲን መገኘቱ አጋጣሚ ብቻ ነው፤ ኤል ሚምን፣ ቲ ደግሞ ፋን ያወጣል። ቁልፎቹ ላይ የሚለጠፍ የዐረብኛ ስቲከር ከሌላችሁ የዊንዶውስ ቁልፍን፣ ኮንትሮልንና የኦ (O) ፊደልን አንድ ላይ ተጫኑ፤ ኪቦርዱ ስክሪኑ ላይ ይወጣል። ማክ ያለው ሰው ዐረቢክ ክዌርቲ የሚለውን ቢመርጥ ፊደሎቹን በድምፅ ያገኛቸዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሐምዛ በምትባለው ትንሽ ምልክት (ء) ላይ ነው። ኤች ብቻውን ባዶ አሊፍ ነው። ከሺፍት ጋር ሐምዛው ከላይ ይቀመጣል፤ ሺፍትና ዋይ ከታች ያደርገዋል። ስለዚህ አሕመድ የሚጻፈው በሺፍትና ኤች፣ ቀጥሎ ፒ፣ ኤል፣ በመጨረሻም ከፒ በስተቀኝ ባለው ሁለተኛው ቁልፍ ነው። ኢብራሂም ግን በሺፍትና ዋይ ይጀምራል።

ከዚህ የባሰችው «ያ» የምትባለው ፊደል (ي) ናት። ዐሊ የሚለው ስም ዩ፣ ጂ፣ ዲ ነው። በዲ ፈንታ ኤንን ከነካችሁ ሁለቱ ነጥቦች ይጠፉና ቃሉ «ዐላ»፣ ማለትም «ላይ» ይሆናል። ግብፆች «ያ»ን በቃል መጨረሻ ያለ ነጥብ መጻፍ ለምደዋል፤ የመኖሪያ ፈቃድ ፎርም ላይ ግን ስማችሁን እንዲህ አትሙሉ። ኮምፒውተር ሁለቱን እንደ ተለያዩ ፊደሎች ስለሚቆጥራቸው በፍለጋ አይገናኙም። በስሕተት የፋርስ ኪቦርድ የጫነም «ካፍ» እና «ያ» በተባሉት ፊደሎች ላይ ተመሳሳይ ችግር ይገጥመዋል፤ በዓይን ተመሳሳይ ይመስላሉ፣ ኮዳቸው ግን ሌላ ነው።

ቢ «ላም» እና «አሊፍ» የተባሉትን ሁለት ፊደሎች (لا) በአንድ ምት ያወጣል። ባክስፔስ ስትነኩ ግን የሚጠፋው አሊፉ ብቻ ነው፤ ላሙን ለማጥፋት መድገም ነው። ሐረካ፣ ማለትም የአጭር አናባቢ ምልክት፣ የሚጻፈው ከፊደሉ በኋላ ነው፦ ሺፍት ይዞ ኪው ፈትሓ፣ ኤ ከስራ፣ ኢ ዶማ።

ጽሑፉ በግራ በኩል ከጀመረ የቀኙን ኮንትሮልና የቀኙን ሺፍት ተጫኑ፤ የግራዎቹ ይመልሱታል። ስልክ ቁጥር ሲገባ ደግሞ የመደመር ምልክቱ ወደ ቀኝ ይዘላል፣ በክፍት ቦታ የተለያዩት የአሃዝ ቡድኖችም ቅደም ተከተላቸው ይገለበጣል። መላው ቀላል ነው፤ የሳዑዲ ቁጥር ከሆነ በ+966 ፈንታ በ00966 ጀምሩና ቁጥሩን ያለ ክፍተት አያይዛችሁ ጻፉት።