ፕላስቲክ የመሰለችው አደይ

ስራው ለመስቀል በዓል የሚሰቀል ባነር ነበር፣ 3 ሜትር፣ መሃሉ ላይ አንዲት አደይ አበባ ብቻ። ሱሉልታ ወጣሁ፣ ሜዳው ቢጫ በቢጫ ነው፣ ግን የደረስኩት 6 ሰዓት፣ ፀሀይ አናት ላይ። 100 ሚሊሜትር ማክሮ ሌንሴን፣ ትንንሽ ነገር በቅርበት የሚያነሳውን፣ ገጥሜ ተንበርክኬ አነሳሁ፣ ስክሪኑ ላይ ሳየው ጥርት ብሏል፣ ሂስቶግራሙም (ብርሃኑ መብዛት ማነሱን የሚያሳየው ግራፍ) ደህና ነው፣ ረክቼ ተመለስኩ።

ማታ ዲዛይነሯ ደወለች። "አበባው እኮ ፕላስቲክ ይመስላል፣ መስመሮቹ የት ሄዱ?" አለችኝ። ኮምፒውተር ላይ ሳሰፋው እውነቷን ነው። አደይ ቢጫ የአበባ ቅጠሎቿ ላይ ከስር እስከ ጫፍ የሚሄዱ ቀጫጭን መስመሮች አሏት አይደል፣ አንድም የለም፣ ዝም ብሎ ቢጫ ቀለም የተደፋበት ነው የሚመስለው። ያየሁት የሁሉንም ቀለም ድምር ሂስቶግራም ነበር ለካ። ለካሜራ ቢጫ ማለት ቀይና አረንጓዴ ሲደመር ነው፣ ሰማያዊው እዚህ ግባ አይባልም፣ ስለዚህ ድምሩ ልክ ነህ እያለኝ ቀዩ ቻናል፣ የቀዩ ብርሃን መጠን ማለት ነው፣ ለብቻው ሞልቶ ፈሶ መስመሮቹን አጥፍቷቸዋል፣ ያነሳሁት ደግሞ ካሜራው ጨምቆ በሚያስቀምጠው በጄፔግ ብቻ ስለሆነ ኤዲቲንግም አልመለሰልኝም።

በነጋታው ንፋስ ሳይነሳ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ እዛው ነበርኩ። የፈለግኩት መሃሏን ነው፣ አደይ እኮ አንድ አበባ ትመስላለች እንጂ መሃሏ ላይ ያሉት ጥቃቅኖች እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበቦች ናቸው፣ ይሄ ሁሌ ይደንቀኛል። 1 ለ 1 ተጠግተህ፣ አበባዋ ሴንሰሩ ላይ በራሷ መጠን እስክታርፍ ማለት ነው፣ የሌንሱን ቀዳዳ ኤፍ 2.8 ላይ በሰፊው ከፍተህ ፎከስ የሚገባልህ ግማሽ ሚሊሜትር እንኳን አይሞላም፣ ትንፋሽህ ራሱ ያበላሸዋል፣ ስለዚህ ፎከሱ እንዲሰፋ ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 11 አጥብቤ ትራይፖድ ላይ አሰርኩ። ሳስተካክል ስል 2 ሰዓት ሆነና ፀሀይዋ ከረረች።

አንዲት እናት በመንገዱ ሲያልፉ ቆመው አዩኝ። "ልጄ፣ ምን ጠፍቶብህ ነው?" አሉኝ። "እማማ፣ ፀሀይዋ አበባዋን እያቃጠለችብኝ ነው" አልኳቸው። ምንም ሳይሉ ነጠላቸውን አውርደው ከላይ ዘረጉልኝ፣ ብርሃኑ ወዲያው ለስለስ አለ፣ መስመሮቹ አንድ በአንድ ወጡ። ብርሃኑን አንድ ስቶፕ፣ በግማሽ ማለት ነው፣ ቀነስኩ፣ ካሜራው ያየውን ሳይጥል በሚያስቀምጠው በራው ላይ አደረግኩ፣ የቀዩን ቻናል ሂስቶግራም ለብቻ እያየሁ 40 ያህል አነሳሁ፣ እሳቸው እጃቸው እየዛለም አላወረዱትም።

ባነሩ ሲሰቀል መሃሏ ላይ የተበተነው ብናኝ ሳይቀር ይታይ ነበር። አንዷን ፎቶ አሳጥቤ እማማን ፍለጋ ሁለቴ ሱሉልታ ተመላልሻለሁ፣ እስካሁን አላገኘኋቸውም፣ ፎቶዋ ቦርሳዬ ውስጥ አለች።