ጭራዋን የምትወዘውዝ ዲኤክስ

አሮጌ መኪና ከኋላ ስትንገጫገጭ ብዙ ጋራዥ መጀመሪያ የሚጠረጥረው የሞላውን ዝላይ የሚያረግበውን ሾክ አብዞርበር ነው። ይፈታል፣ አዲስ ይገጠማል፣ ሂሳብ ይከፈላል። ችግሩ ግን እዚያው ቁጭ ይላል።

ባለፈው ክረምት አንዲት ዲኤክስ ኮሮላ ወደምሠራበት ጋራዥ መጣች። ባለቤቷ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። "ልጄ፣ ሾክ አብዞርበሩን ቀይረውልኛል። የኋላውን ጎሚኒም በሙሉ አዲስ አድርገዋል። ብዙም ሳትቆይ ያው ሆነች። ኮብልስቶን ላይ ስወጣ ኋላዋ ወዲያ ወዲህ ይላል" አሉኝ። ጎሚኒ የሚባለው ብረቶቹ በብሎን በሚታሰሩበት ጫፍ የሚገባው ላስቲክ ነው።

"ጋሼ፣ ሾኩን ለጊዜው እንተወው፤ መጀመሪያ እንያት" አልኳቸው።

የኮፈኑን ሳይሆን የኋላውን ጥግ በሁለት እጄ ተጭኜ ለቀቅኩት። አንዴ ተነሳ፣ ቆመ። ሾክ የደከመ ቢሆን ይዘል ነበር። ዘይትም አላፈሰሰም። ስለዚህ እሱን ተውኩት።

ቀጥሎ በጎማውና ከላዩ በሚሸፍነው ፓራፋንጎ መካከል ጣቴን አስገባሁ። ቆማ ሳለች በግራም በቀኝም ሁለት ጣት ይገባል። ረዳቴ መኪናዋን በትከሻው ከጎን ሲገፋት ግን የቀኙ ክፍተት ጠበበና ጣቴን ያዘኝ። የፓራፋንጎው የውስጥ ጠርዝም ጎማው ሲፍቀው ቆይቶ ቀለሙ ለቆ ብረቱ ያብረቀርቃል።

እዚህ ላይ የመኪናዋን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። ከእሷ በፊት የነበሩት ኮሮላዎች ከኋላ ባሌስትራ፣ ማለትም የተደራረበ የብረት ንጣፍ ነበራቸው። ባሌስትራ ክብደቱንም ይሸከማል፣ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያገናኘውን አክስልም ቦታው ላይ ይይዛል። በፈረንጆቹ 1979 የወጣችው ይህች የዲኤክስ ሴዳን (ኬኢ70) ግን ከኋላ ጥምዝ ሞላ ነው ያላት። ሞላ ክብደት ይሸከማል እንጂ አክስል አይይዝም። ወደፊትና ወደኋላ እንዳይሄድ አራት ብረቶች ይይዙታል። ወደ ጎን እንዳይሸሽ የሚይዘው ደግሞ ከአክስሉ ወደ ቦዲው በአግድም የሚሄድ አንድ ዘንግ ብቻ ነው። የዚህ ዘንግ ጎሚኒ ከሞተ አክስሉ ይዋልላል፤ ምርጥ ሾክ ብትገጥም ዋጋ የለውም።

ከመኪናዋ ስር ያለው የጋራዡ ጉድጓድ ውስጥ ገብቼ ረዳቴን "ወዝውዛት" አልኩት። ጣቴን በዘንጉ ጫፍ ላይ አሳረፍኩ። መሃል ያለው የብረት ቱቦ ጎሚኒው ውስጥ ይንሸራተታል። ጣቴ ላይ ጥቁር የላስቲክ ብናኝ ቀረ። ጎሚኒው ግን እውነትም አዲስ ነው፤ ጠርዙ ላይ ያለው ጽሑፍ እንኳ ገና አልጠፋም። የተቀደደው ከቱቦው ጥግ ይዞ ዙሪያውን ነው። ሲጠመዘዝ የኖረ ጎሚኒ እንዲህ ነው የሚቀደደው።

እንዲህ ዓይነት ጎሚኒ ብሎኑ ላይ አይሽከረከርም። ብሎኑ ሲጠብቅ ቱቦው ይነከሳል፣ ከዚያ በኋላ የሚጠመዘዘው ላስቲኩ ራሱ ነው። መኪናዋን በክሪክ አንስተህ፣ ጎማዎቹ ተንጠልጥለው ሳለ ብሎኑን ካጠበቅክ፣ ላስቲኩ ያንን ቦታ ማረፊያዬ ብሎ ይይዛል። መኪናዋ መሬት ስትወርድ፣ ገና ሳትነዳ ላስቲኩ ተጠምዝዟል። በየመንገዱ ጉድጓድ ላይ ሌላ ጥምዘዛ ይጨመርበታል። ከዚያ "ዕቃው ቻይና ስለሆነ ነው" ይባልና ሰውዬው እንደገና ዕቃ ሊገዛ የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ይላካል። ይህ በጣም ያናድደኛል። ዕቃው መጥፎ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ የጡረታ ገንዘብ አውጥቶ የገዛው ሰው ግን ቢያንስ በትክክል ሊገጠምለት ይገባል።

የአራቱን ብረቶች ጎሚኒ ስናይ ግማሹ መቀደድ ጀምሯል። ሁሉንም ቀየርን። ብሎኖቹን አስገብተን ዳዶዎቹን በእጅ ብቻ ያዝናቸው። ከዚያ አወረድናት፣ እንድትረጋጋ ኋላዋን ደጋግመን ተጫንን። በአራት ጎማዋ ጉድጓዱ ላይ ቆማ ሳለ ከስር ገብቼ አንድ በአንድ አጠበቅኩ።

"ለምን እዚያ ጠባብ ቦታ ትሰቃያለህ? ከፍ አድርገህ ብትሠራው አይሻልም?" አሉኝ ጋሼ። አሮጌውን ጎሚኒ በሞርሳ ነክሼ፣ መሃሉን በብሎን ጠምዝዤ አሳየኋቸው። የተቀደደው ቦታ አፉን ከፈተ። "አሃ፣ ገባኝ" አሉ።

ሾክ አብዞርበሩ እንዳለ ቀረ። የከፈሉት የጎሚኒና የእጅ ዋጋ ብቻ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ስለተከለከለ እንዲህ ያሉ መኪኖችን ተንከባክቦ ማቆየት ግድ ሆኗል። መኪናችሁ ጋራዥ ከሆነች የመጨረሻው ማጥበቅ በጎማዋ ቆማ መሆኑን ጠይቁ። ባሌስትራ ላለው ሃይሉክስም ያው ነው፤ የባሌስትራው ዓይን የላስቲክ ጎሚኒ ካለው ብሎኑ የሚጠብቀው ክብደቱ ካረፈበት በኋላ ነው።