ጫማ ሳይመጣ ሱሪ አይቆረጥም

በመጀመሪያው ፊልሜ የአልባሳት ኃላፊ ስሆን፣ ልብስ መለካት ማለት ተዋናዩን መስታወት ፊት አቁሞ «ጠበበህ? ሰፋህ?» ማለት ይመስለኝ ነበር። ታሪኩ በ1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የሚሆን ነው። ዐሥራ አንድ ተዋንያን፣ ሦስት ቀን፣ አንዲት ጠባብ ክፍልና አንድ የስፌት መኪና ነበሩኝ።

ገና ከጅምሩ የመምህሩ ሱሪ አዋረደኝ። ቤልቦተሙን፣ ከጉልበት በታች እየሰፋ የሚሄደውን የዘመኑን ሱሪ፣ ያሰፋሁት መርካቶ ነው። ተዋናዩ የራሱን ስኒከር እንደተጫማ ለካሁት፤ ጫፉን በመርፌ ቁልፍ ይዤ አስቆረጥኩ። በማግስቱ ተረከዙ ከፍ ያለው የዘመኑ ጫማ ተገኘ። ሲጫማው ሱሪው ወደ ላይ ሸሸና ካልሲው ተገለጠ። ጫማ የማይሸፍን ቤልቦተም ደግሞ ምኑ ቤልቦተም ነው? ልብስ ሰፊው ሽማግሌ ሳቁብኝ። «ልጄ፣ ጫማ ሳይመጣ ሱሪ አይቆረጥም» አሉኝ። አሁን ሳስቆርጥም አራት ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ አሳጥፌ አስተርፋለሁ።

በተማሪዋ ልብስ ከአዘጋጁ ጋር ተከራከርን። እሱ ቀሚሷ ከጉልበቷ ብዙ ከፍ እንዲል ፈለገ። እኔ በ1960 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲው በተካሄደ የፋሽን ትርኢት የተነሣ ተማሪዎች እንዴት እንደተቆጡ አንብቤ ስለነበር፣ በተማሪዎች ንቅናቄ ውስጥ ያለች ልጅ እንዲህ ለብሳ ስብሰባ ትገባለች ብዬ ማመን አቃተኝ። ክርክሩን የፈታችው ተዋናይቷ ናት። አጭሩን ለብሳ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ወዲያው ደብተሯን ጭኗ ላይ ደፋች። «በዚህ ልብስ እጄን አውጥቼ መናገር አልችልም» አለች። ረጅሙን ወሰድን። ከዚያች ሰዓት በኋላ ማንንም ቆሞ ብቻ አልለካሁም፤ ይቀመጣሉ፣ ይጎነበሳሉ፣ ደረጃ ይወጣሉ።

የከበደኝ ግን ነጠላ ነው። ልጇ ለሞተባት እናት ከሽሮ ሜዳ አዲስ ነጠላ ገዛሁ። በካሜራ ስናየው ንጣቱ ዐይን ይወጋል፤ የተዋናይቷን ፊት ዋጠው። ሁለት ጊዜ በቀጭን ሻይ ነክሬ ካደረቅሁት በኋላ ረገበ። በዚህ ስኮራ፣ ጥለቱን እንደ ዓመት በዓል ወደ ታች አድርጌ አለበስኳቸው። እትዬ የምንላቸው አንጋፋ ተዋናይት መስታወቱን አይተው፣ «አንቺ ልጅ፣ ሐዘንተኛ ነኝ ወይስ ሰርግ ተጠርቻለሁ?» አሉኝ። ነጠላውን ገልብጠው ጥለቱን ወደ አንገታቸው አወጡት። ከዚያም ሳልጠይቃቸው ደረታቸውን እየመቱ ማልቀስ ጀመሩ። በሦስተኛው ምት ነጠላው ከትከሻቸው ተንሸራተተ፤ ከጀርባቸው የሐበሻ ቀሚሱ ዚፕ ብልጭ አለ። የዚያን ዘመን ሐዘንተኛ እናት፣ ከአንገት እስከ ወገብ የሚያብረቀርቅ የፕላስቲክ ዚፕ! እኔ ቀሚሱን ከፊት ብቻ ነበር ያየሁት፤ ፎቶም ያነሣኋቸው ከፊት ብቻ ነው።

ያን ሌሊት ዚፑን ፈትቼ ጀርባውን ደፍኜ ሰፋሁ፤ አንገቱንም ከፊት ከፈትኩት። ነጠላውን ትከሻቸው ላይ በመርፌ ቁልፍ ላስይዘው ስል ግን እትዬ እጄን ያዙኝ። «ተይው፣ ይውረድ። ያዘነ ሰው ነጠላውን አይጠብቅም።»

በቀረጻው ቀን ያ ትዕይንት አራት ጊዜ ተደገመ። ነጠላው አራቱንም ጊዜ ወረደ።