ዳታ ሰብሳቢዎቻችን ተማሪዎቻችን ናቸው

ፓራሲቶሎጂ፣ ማለትም የጥገኛ ተሕዋስያን ትምህርት፣ አስተምራለሁ። ክፍል ውስጥ ተማሪዎቼ ቢልሃርዚያን፣ ያን በውሃ ቀንድ አውጣ በኩል የሚተላለፍ የትል በሽታ፣ የሚያውቁት ለፈተና በሚሆናቸው መጠን ነው፤ የትሉ እንቁላል ጎን ላይ ያለችውን እሾህ ይሥላሉ፣ የቀንድ አውጣውን ስም ይሸመድዳሉ፣ በቃ። ለጥናት ጣና ዳር ወዳሉ ትምህርት ቤቶች አብረውኝ ሲወጡ ግን ሌላ ሰው ይሆናሉ።

ሥራው አድካሚ ነው። የልጆቹን ሰገራ በወንፊት አጣርተው 41.7 ሚሊግራም በምትይዘው ቀዳዳ ይሞላሉ፤ ግሊሰሪን በጠጣ ሴሎፎን ሸፍነው ማይክሮስኮፕ ሥር ይቆጥራሉ። የቆጠሩትን በ24 ሲያባዙት በአንድ ግራም ውስጥ ያለው የእንቁላል ብዛት ይወጣል። ካቶ ካትዝ የምንለው ይህ ነው። የሁክዎርም፣ የሌላው የአንጀት ትል፣ እንቁላል ግን በግሊሰሪኑ ቶሎ ስለሚጠፋ ስላይዱ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ባለው ጊዜ መነበብ አለበት።

አንዲት የመመረቂያ ዓመት ተማሪ «ቲቸር፣ ቅድም ያየሁት ሁክዎርም አሁን የለም፤ ሌሎቹን ስንት ሰዓት እንደሠራናቸው በምን እናውቃለን?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ስላይድ ጠርዝ ላይ የተሠራበት ሰዓት ይጻፋል። ሐሳቡ የእሷ ነው፤ የቁጥራችንን ተአማኒነት የጠበቀውም እሱ ነው። እንዲህ ያለችውን ልጅ ከጥናታዊ ጽሑፉ ደራሲዎች ስም ውጭ አድርጎ፣ አበል ሰጥቶ «ዳታ ሰብሳቢዎችን እናመሰግናለን» በሚል አንድ መስመር መሸኘት ግፍ ነው እላለሁ።

ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. እንዶድ የቢልሃርዚያን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያገኙት ዓድዋ ውስጥ፣ ወንዝ ዳር ነው። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ከዓመታት በኋላ፣ በ1989 እ.ኤ.አ.፣ የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ሲመጣ የሥራ ባልደረባቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስም አብረው ተሸለሙ። ይህን ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ እነግራቸዋለሁ።

ስም በነጻ ይለጠፍ ማለቴ አይደለም። ያልሠራ የትምህርት ክፍል ኃላፊ ስሙ መግባቱም ያናድደኛል። እኔ የማደርገው መስክ ሳንወጣ ማን ምን እንደሚሠራ፣ የጽሑፉ ደራሲ ለመሆንም ምን እንደሚጠበቅበት ቁጭ ብለን መጻፍ ነው። የጥናቱን ዘዴ የሚገልጸውን ክፍል ራሳቸው ያረቅቃሉ፤ ረቂቁን አንብበው በቁጥሩ ላይ ለሚነሳ ጥያቄ መልስ መስጠት አለባቸው። ዘንድሮ ፕሮፖዛል የምታስገቡ ባልደረቦቼ፣ በጀቱን ስትሠሩ ከነዳጁና ከአበሉ ጎን ተማሪዎቹ ዳታውን ተቀምጠው የሚተነትኑበትንም ጊዜ አስቡላቸው።