አረንጓዴና ቢጫው ሽቦ

ዛሬ ለፍተሻ የመጣ አንድ ዲቫይደር ከሐሳቤ አልወጣ አለ። ከላይ ሲያዩት እንከን የለውም። 16 አምፒር ይላል። በየሶኬቱ ጎን የግራውንድ ብረቶቹ በሥርዓት ተደርድረዋል። ሜትር አገናኘንበት፤ ዝም። ፈታነው። ብረቶቹ ከምንም ጋር አልተያያዙም። ገመዱ ውስጥ የግራውንዱ ሽቦ፣ አረንጓዴና ቢጫው፣ ጭራሽ የለም። ያሉት ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ብቻ ናቸው። ብረቶቹን የሰካቸው ሰው ለዓይን ብቻ እንደሆኑ ያውቅ ነበር። ይሄ ነው ያናደደኝ።

አብሮኝ የሚሠራው ልጅ "ግን እኮ ይሠራል" አለ። አዎ፣ ስልክ ቻርጅ ያደርጋል፣ ቴሌቪዥን ያበራል። ጉዱ የሚወጣው ልብስ ማጠቢያው ውስጥ አንድ ሽቦ ተልጦ ቆርቆሮውን የነካ ቀን ነው። ግራውንድ ቢኖር ኤሌክትሪኩ በእሱ በኩል ይሄድና ብሬከሩ ይወርዳል። ከሌለ ግን 220 ቮልት ማሽኑ ላይ ቁጭ ብሎ በእርጥብ እጁ የሚነካውን ሰው ይጠብቃል።

ገዢ ሱቅ ቆሞ ዕቃ ፈትቶ አያይም። እሱን ወክለን የምንፈታው እኛ ነን። ይህን ሥራ የምወደውም ለዚህ ነው። እሳት ይይዝ እንደሆነ ለማየት የጋለ ሽቦ ለ30 ሰከንድ ፕላስቲክ ላይ ስናስነካ ውለን ስንገባ "ምን ሠራችሁ?" ብትሉን የምናሳያችሁ ነገር የለም። ያልተቃጠለ ቤት ፎቶ አይነሳም።

አስመጪው "ለአንድ ሽቦ ብላችሁ ነው?" አለን። አዎ፣ ለአንድ ሽቦ ብለን ነው። "አላለፈም" ብለን ፈረምን።